ሦስተኛው ሌሊት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንድ ሌሊት ነገር ላጫውታችሁ።

ወሩ ሐምሌ ነው። የኮልፌን የቆርቆሮ ጣሪያ ሲደበድብ ያመሸው ዝናብ አሁን ወደ ካፊያ ዞሯል። ሁለት ክፍል ባላት የኪራይ ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ታናሽ እህቴ ተኝታለች። አራስ ናት፤ ሦስተኛ ቀኗ። ከትራሷ ስር ቢላዋ ተሸጉጧል፤ ከጎኗ በነጠላ የተጠቀለለ ወንድ ልጅ ያለቅሳል። ከምሽቱ 4 ሰዓት የጀመረ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ሆኖም አልተወ። ድምፁ ሰልሏል። እንደዚያ እየሰለለ የሚያለቅስ ሕፃን ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ አንጀት እንዴት እንደሚበላ ልነግራችሁ አያስፈልግም።

ከሦስት ቀን በፊት ይኸው ቤት በእልልታ ቀልጦ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሳይል የገባ ጎረቤት የለም። ገንፎው መሃሉ ጎድጉዶ፣ ቅቤና በርበሬው ሞልቶበት፣ ሁሉም ዙሪያውን ከብቦ እየቆረሰ በላ። እናታችን አራስ ልታርስ ከጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ካለው መንደራችን መጥታለች፤ የገብስ ዱቄት፣ አብሽ፣ የአጥሚት እህል፣ አንድ ቅል ለጋ ቅቤ ይዛ። የእህቴ አማት እዚያው ሰፈር ናቸው፤ ምጡ ከጀመረ አንስቶ ቤታቸው አልገቡም። ባሏ አለ። እኔ አለሁ። አምስት ሰው አንድ ሕፃን ከብበን፣ አምስታችንም ምን እንደምናደርግ ጠፍቶናል።

«ርቦታል» አሉ አማቷ።

«ወተት የለኝም» አለች እህቴ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ከ11 ዓመት በፊት ከኔም አፍ ወጥታለች። የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት። ልጅቷን ይዘዋት ሄዱ፤ ስትመለስልኝ በጡጦ ጠግባ ተኝታ ነበር። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን «ወተት የለኝም» ስል፣ ያዋለደኝም፣ ያስታመመኝም፣ ሊጠይቀኝ የመጣውም ሁሉ «በቃ፣ የቆርቆሮ ወተት ይገዛላት» አለ። ተገዛ። ልጄ ዛሬ ትልቅ ናት፤ ጤነኛ ናት፤ ተመስገን። ግን ያኔ አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ቆዪ እስቲ፣ አብረን እንሞክር» ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም። 11 ዓመት ሙሉ የጎደለብኝ እሱ ሰው ነው።

ወደ ሌሊቱ ልመልሳችሁ። የእህቴ ባል ጃኬቱን ለብሷል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ መድኃኒት ቤት ፈልጎ የቆርቆሮ ወተት ሊገዛ ነው። እናቴ የቅሉን ክዳን ከፍታ በጣቷ ጫፍ ቅቤ አንስታለች። «ትንሽ ላልሰው፤ ጉሮሮው ይለሰልስለታል» ትላለች። የአያቶቿ ነው፤ እኛንም እንዲሁ አልሳናለች።

«እማዬ፣ አንዴ ቆዪ» አልኳት። ባሏንም «አንተም ቁጭ በል» አልኩት። ነጠላዬን ደርቤ በጭቃው ወደ ግቢው ጀርባ ሮጥኩ። እዚያ አንዲት አዋላጅ ነርስ ተከራይታ ትኖራለች፤ በጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ገና ወጣት። በሩን ሳንኳኳ «ማነው?» ብላ ያልጠየቀች ሰው ናት። «ሲስተር፣ እባክሽ…» ብዬ ሳልጨርስ ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

ገብታ መጀመሪያ እጇን ታጠበች። ልጁን ጡት ከማስያዟ፣ ለእናቱም ቃል ከመስጠቷ በፊት ጥያቄ ጠየቀች። ዛሬ ስንት ጊዜ ሸና? ሦስት። ሰገራውስ? ጥቁሩ እየለቀቀ ወደ አረንጓዴ መጥቷል። ትኩሳት? የለውም። ዓይኑ፣ ቆዳው ቢጫ ሆኗል? በባትሪ አየችው፤ አልሆነም። «ይኼ ልጅ አልታመመም» አለች። «ቢደክም፣ ለመጥባት መንቃት ቢያቅተው፣ ሽንት ቢያጣ፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ እንወስደው ነበር።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞረች። «ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ አጠባሽው?»

እህቴ አሰበች። «አራት… አምስት ጊዜ።»

አዎ፣ እንዲህ ነበር የዋለው። ጠያቂ ሲገባ ሲወጣ፣ ልጁ ከእቅፍ እቅፍ ሲተላለፍ፣ ባለቀሰ ቁጥር «እሷ ትረፍ፣ ደክሟታል» እያልን ስናባብለው። ደግ ያደረግን መስሎን ነበር። ልጁ ጡት ይጠይቃል፣ እኛ እሹሩሩ እንለዋለን።

አሁን የምነግራችሁን ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ያን ሌሊት የለወጠው ይኼ ነው። ሲስተር አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና እናቴን እንዲህ ብላ ጠየቀቻት፦

«እማማ፣ እርስዎ ቤት ላም አለ?»

«አለ እንጂ፣ ልጄ።»

«ላሚቱ ስትወልድ እንቦሳው መጀመሪያ ምን ይጠባል?»

«እንገሯን ነዋ! እንገር ያልጠባ ጥጃ ምን ነፍስ አለውና ይቆማል?»

«የልጅዎንስ እንገር?»

እናቴ ዝም አለች። ለምን ዝም እንዳለች እኔና እህቴ እናውቃለን። በመጀመሪያው ቀን ማታ፣ ከጤና ጣቢያ እንደገቡ፣ ከእህቴ ጡት የወጣውን ወፍራም ቢጫ ነገር አይታ «ይኼ የከረመ ነው፣ መግል ይመስላል፤ ተጨምቆ ይውጣና ንጹሁ ይምጣለት» ብላ በጨርቅ አስጠርጋው ነበር። ለጥጃ የምታውቀውን ለልጅ ልጇ አላሰበችውም። ወቀሳ አይደለም፤ ለእሷም የነገራት የለም። ያ ቢጫ ነገር ገና ከማሕፀን ለወጣ ሕፃን የመጀመሪያው ክትባቱ ነው። በሽታን የሚከላከል ንጥረ ነገር የታጨቀበት፣ ያን ጥቁር ሰገራ ጠርጎ የሚያወጣ። ጥቂት መሆኑም ሥራዬ ተብሎ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚወስደው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ቢበዛ ሁለት ነው።

«ጥጃ የሞተባትን ላምስ እንዴት ያልቧታል?» አለች ሲስተር ቀጥላ።

አሁን እናቴ ነፍስ ዘራች። ይኼ የእሷ ሞያ ነው። የሞተውን ጥጃ ቆዳ ገፈው፣ ገለባ ሞልተው፣ ከላሚቱ ፊት እንደሚያቆሙላት ተረከችልን። «ትልሰዋለች፣ ታሸተዋለች፤ ያኔ ወተቷን ትለቃለች። አለዚያ ጡቷ ሞልቶ እያለ ትይዘዋለች። ብትደበድባት አትሰጥህም።»

«እንግዲህ ልጅዎም እንደዚያ ናት» አለች ሲስተር። «ሽታውን ትፈልጋለች። ገላውን ትፈልጋለች። እኛ ደግሞ በአራት ነጠላ ጠቅልለን ነሳናት።»

ከዚያ ያስረዳችን ነገር በሐኪም ቋንቋም ስም አለው። ሕፃኑ ጡት በጠባ ቁጥር ከእናቲቱ አንጎል ሥር ሁለት መልእክተኞች ይነሳሉ። አንደኛው ፕሮላክቲን ይባላል፤ ለሚቀጥለው ጊዜ ወተት ሥሩ ብሎ የሚያዝዘው እሱ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ደግሞ ይበረታል። ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ነው፤ የተሠራውን ገፍቶ የሚያወጣው። ይኼኛው ጭንቀት ይይዘዋል፣ ሕመም ይይዘዋል፤ የልጅ ሽታና ድምፅ ደግሞ ይፈታዋል። የላሚቱ ነገር ይኸው ነው። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ብዙው ወተት የሚወርደው ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ለመጀመሪያ ልጅ፣ ረጅም ላማጠችና በኦፕራሲዮን ለወለደች ሊዘገይ ይችላል። እህቴ ሁለት ሌሊት አምጣለች። ሰዓቷ ገና ነበር። እኛ ግን ፈርደንባት ነበር።

ሲስተር ልጁን ከነጠላው ፈታችው፤ ከሽንት ጨርቁ በስተቀር ራቁቱን አደረገችው። የእህቴንም ደረት ገለጠችና ሆዱን በሆዷ፣ ጉንጩን በጡቶቿ መሃል አጋደመችው፤ ጋቢውን ከላይ ደረበች። አምስት ደቂቃ ያህል ምንም አላደረገችም። ልጁ ዝም አለ። አፉን እንደ ወፍ ጫጩት ይከፍት፣ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዝ ጀመር። ማንም ሳይነካው ወደ ጡቱ ተሳበ። አማቷ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«አሁን አትቸኩይ» አለች። «አፍንጫው ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ ይሁን። አፉን እስኪከፍት ጠብቂ፤ እንደሚያዛጋ። ሲከፍት አንቺ ወደሱ አትጎንበሺ፤ እሱን ወደ አንቺ አምጪው።» ጫፉን ብቻ ሲይዝ እህቴ ከሕመሙ የተነሳ ትንፋሿ ቆመ። ሲስተር ትንሿን ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ አላቀቀችው። «እንደገና።» ሁለተኛው አልሆነም። ሦስተኛውም። በአራተኛው አፉ ሰፊ ተከፈተ፤ አገጩ ጡቷን ነካ፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ፤ በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጠቆር ያለውንም ጭምር ጎረሰው። የእህቴ ትከሻ ወረደ። «አላመመኝም» አለች፤ ያልጠበቀችው ነገር ሆኖባት።

ከዚያ ሰማነው። ሁለት ሦስቴ ይስባል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ከጉሮሮው ቀጭን የመዋጥ ድምፅ ይወጣል። ዝናቡ ቆሟል፤ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ባሏ ጃኬቱን እንደለበሰ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ሁለቱንም ጡት ከጠባ በኋላ ሲስተር «ሲኒ አለ?» አለች። የቡና ሲኒ በፈላ ውኃ ታጥቦ መጣ። አውራ ጣቷንና ሌሎቹን ጣቶቿን ከጡቱ ጫፍ ራቅ አድርጋ ማስቀመጥ፣ መጀመሪያ ወደ ደረቷ መግፋት፣ ከዚያ መጫን፣ መልቀቅ፤ የእህቴን እጅ በእጇ ይዛ አሳየቻት። ምንም የለም። ምንም የለም። ከዚያ አንዲት ጠብታ። በመብራቱ ስታዩዋት ልክ እንደ ማር ናት። ሌላ። ሌላ። የሲኒውን ታች እንኳ አልሸፈነችም፤ እህቴ ግን በዓይኗ አየቻት። «የኔ ነው?» አለች። ሲስተር «ታዲያ የማን ሊሆን?» ብላ በሲኒው ጠርዝ ለልጁ አቀመሰችው። እናቴ ከላይ ቆማ ታይ ነበር። የቅሉን ክዳን መልሳ ከደነችው።

በነጋታው ጤና ጣቢያ ወስደን አስመዘንነው። ሲወለድ 3 ኪሎ ከ100 ግራም ነበር፤ አሁን 2 ኪሎ ከ900። ደነገጥን። ሲስተር ግን ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቀነሱ ያለ ነው፣ ከተወለደበት ክብደት አንድ አሥረኛ ካለፈ ነው የሚያሰጋው ብላ አረጋጋችን። በሁለት ሳምንት ውስጥ መመለስ አለበት፤ እስከዚያ ሥራችን ማጥባት ነው፤ ሌሊትም ቀንም፣ በ24 ሰዓት ከ8 እስከ 12 ጊዜ።

ከዚያ በኋላ ያ ቤት እንዴት እንደ ዞረ ብታዩ! የአራስ ቤታችን መቼም ሥርዓት ያለው ነው። ወላድን የሚያስተኛ፣ የሚያበላ፣ ብቻዋን የማይተው እንዲህ ያለ ባህል ያለው ሕዝብ ብዙ አይመስለኝም። እጁ ሁሉ ነበረን፤ እጁን ያኖርነው ያለ ቦታው ነው። እናቴ ገንፎውንና አጥሚቱን ያዘች። «ይኼስ ወተት አያመጣም?» ብላ አብሿን ይዛ ሲስተርን ጠየቀቻት። ሲስተር አላጣጣለችባትም፤ «ያጠነክራታል፣ ታብላት፤ ወተቱን የሚጠራው ግን የልጁ አፍ ነው» አለቻት። የምታጠባ እናት ከሌላው ጊዜ በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምራ ያስፈልጋታል፤ ከገብስ ገንፎ በቅቤ የተሻለ ምን ይመጣል?

አማቷ በሩን ያዙ። ከደጃፉ ዱካ ላይ ተቀምጠው ጠያቂውን ሁሉ «እንኳን መጣችሁ፤ እያጠባች ነው፤ ቡና ጠጡ» ይላሉ። ልጁን ካላቀፍኩ ያለች ጎረቤት ብትመጣ እሳቸውን አልፋ አትገባም። በመጀመሪያው ቀን ስኳር በውኃ በጥብጡለት ያሉት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ጠያቂ ያን ሲያነሳ «ስድስት ወር እስኪሞላው ውኃም አያስፈልገው!» ብለው የሚቆጡትም እሳቸው ናቸው። ባሏ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ አጠገብ እስክሪብቶ በክር አሰረ። እህቴ ባጠባች ቁጥር በዚያ ቀን ላይ አንዲት ጭረት ያሰምራል፤ ልጁ በሸና ቁጥር አንዲት ነጥብ። በአራተኛው ቀን 9 ጭረት። በአምስተኛው 11። ነጥቦቹም አብረው ጨመሩ። እኔ ሌሊት ሌሊት ልጁን አንስቼ አቀብላታለሁ፤ ጀርባዋን በትራስ እደግፋለሁ። ሥራዬ እሷ ነበረች።

በአምስተኛው ቀን ንጋት እህቴ ጮኸች። ሮጬ ስገባ ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ወገቧ ርሷል። ጡቷ አግቷል፤ ጠንክሯል፤ ደም ሥሩ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እያለቀሰች ትስቃለች። ልጁ ደግሞ ከጡቷ ጥንካሬ የተነሳ መጉረስ አቃተው፤ ይንሸራተታል። ሲስተር ያስተማረችንን አደረግን፤ ከማጥባቷ በፊት በሞቀ ፎጣ ማሞቅ፣ ጥቂት በእጅ አልቦ ማለስለስ፣ ከዚያ ልጁን ማስጠጋት፤ ካጠባች በኋላ ቀዝቃዛ ጨርቅ። ከቀላ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ማጥባቱንም አለማቋረጥ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይለቀኝም። እውነትም ወተት የሚያንሳት እናት አለች። ብዙ ደም የፈሰሳት፣ የእንግዴ ልጁ ቁራጭ የቀረባት፣ ጡቷን የታከመች፤ ሁሉ የተደረገላት ሆኖ እንኳ የማይሞላላት። የእሷ ልጅ ሐኪም ያዘዘለት ወተት ይሰጠው፤ እሷንም ማንም ቀና ብሎ በክፉ አይያት። የማዝነው በሦስተኛው ሌሊት ሰዓቷ ሳይደርስ ለተፈረደባት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሀገራችን የሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ100 ሕፃናት 73ቱ በተወለዱ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ጠብተዋል፤ ስድስት ወር ካልሞላቸው መሃል ጡት ብቻ የሚጠቡት ግን 58 ነበሩ። በጅማሬው ደህና ነን። የምንለያየው መንገድ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ባለ ሌሊት።

መንገዱ ደግሞ ረጅም ነው። እህቴ በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥራ ትሠራለች። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣታል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለምትሠራ ሦስት ወር ተኩል ቢሆን ነው። ስድስት ወር አይሞላም። ጠዋት ከቤት ሳትወጣ ለማለብ፣ የታለበውን በንጹሕ ዕቃ አስቀምጣ ለአማቷ ለመተው፣ በምሳ ሰዓት አለቃዋን ቦታ ለመጠየቅ ከወዲሁ ማሰብ ይዛለች። ያ ቀን ሲደርስ የሚሆነውን ሌላ ሌሊት አጫውታችኋለሁ።

በአሥረኛው ቀን ልጁን ደግመን መዘንነው፤ 3 ኪሎ ከ150። ባሏ ቁጥሩን በእስክሪብቶው ከቀን መቁጠሪያው ላይ በትልቁ ጻፈው። እናቴ ምንም አላለችም። ወደ ጓዳ ገብታ ያችን የቅቤ ቅል ይዛ ወጣች። ደነገጥኩ፤ የልጁ ጉሮሮ ትዝ አለኝ። እሷ ግን ከአልጋው ኋላ ቆማ የእህቴን ሻሽ ፈታች። በሁለት እጇ ቅቤውን አንስታ ከራስ ቅሏ መሃል አኖረችው፤ በጣቶቿ ጸጉሯን እየከፈለች ቀባቻት። እህቴ ታጠባለች፤ ዓይኗን ጨፍናለች። ቅቤው ቀልጦ በአንገቷ ይወርዳል፤ ልጁ የመዋጥ ድምፁን ያሰማል።

ስትጨርስ እጇ ላይ ቀረት ያለ ቅቤ ነበር። ከበሩ አጠገብ ቆሜ አየችኝ።

«ነይ አንቺም» አለች። «ያኔ አላረስኩሽም።»

ሄጄ ከእግሯ ሥር ተቀመጥኩ።